የእስረኛው መዝገብ ለማን ይከፈታል

በአንድ ፖሊስ ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የዕለት መዝገብ ሲያዩት ብዙ ክብር ያለው መጽሐፍ አይመስልም። ሽፋኑ የተላላጠ፥ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቈረ ነው። የተያዘው ሰው ስም፥ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፥ የተያዘበት ምክንያት፥ የያዘውም ፖሊስ ስም ይጻፍበታል፤ ከዚያ ወዲያ ገጹ ይገለበጣል። ነገር ግን የአንድን መንግሥት ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሕገ መንግሥቱ አስቀድሞ ይህን መዝገብ ልይ ብሎ ቢጠይቅ ድካሙ በከንቱ አይቀርም። መዝገቡ አለን? ካለስ የሚያየው ማን ነው? እስከ መቼስ ይታያል?

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚያነሡት ክርክር ነው። አንዱ «እዚያ አገር ሰው በተያዘ ማግሥት ስሙና ፎቶግራፉ ለዓለም ሁሉ ይታያል፤ ይህ ያለ ፍርድ ማዋረድ ነው» ይላል። ሌላው «የተያዘ ሰው ስም የማይነገርበትን ዘመን አይተን የመጣን ሰዎች የተከፈተ መዝገብ ልናማ አይገባንም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ስለ አንድ መጽሐፍ የሚከራከሩ እየመሰላቸው ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ይናገራሉ። መዝገቡ በመጀመሪያ ለምን እንደ ተከፈተ፥ በኋላም ምን እንደ ደረሰበት ታሪኩን ብንከተል የክርክሩ ግማሽ ይቃለላል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከእንግሊዝ ይጀምራል። በ1627 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ለጦርነት ገንዘብ ቸገረውና ፓርላማው ሳይፈቅድ ባለጸጎቹን በግድ አበድሩኝ አላቸው። አንሰጥም ብለው ከታሰሩት መካከል አምስት ባላባቶች «በምን ጥፋት እንደ ታሰርን ይነገረን» ሲሉ ለዳኞች አቤት አሉ። ከወህኒ ቤቱ የመጣው መልስ በጣም አጭር ነበር፤ የታሰሩት በንጉሡ ልዩ ትእዛዝ ነው የሚል ብቻ። ወንጀሉ አልተጠቀሰም፥ ከሳሹም አልተጠራም፤ ዳኞቹም ሊፈቷቸው አልደፈሩም። በሚከተለው ዓመት ፓርላማው የመብት ልመና የተባለውን ጽሑፍ አቅርቦ ማንም ሰው ምክንያቱ ሳይገለጽ እንዳይታሰር ንጉሡን እሺ አሰኘው፤ ንጉሡ ግን ቃሉ ገና ሳይቀዘቅዝ በ1629 የፓርላማ አባሎችን መልሶ አሰረ።

ከዚህ ሃምሳ ዓመት በኋላ፥ በ1679፥ በልጁ በዳግማዊ ቻርልስ ዘመን የወጣው የሀቤያስ ኮርፐስ ሕግ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ብልህ ነበር። የሕግ ዐዋቂዎች ይህን ሕግ ሲያመሰግኑ ዘወትር የሚያነሡት እስረኛው በዳኛ ፊት ስለ መቅረቡ ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በመካከሉ የገባ አንድ ትንሽ አንቀጽ ነው። እስረኛው ወይም ስለ እርሱ የሚቆም ሰው የታሰረበትን ትእዛዝ ግልባጭ ስጠኝ ብሎ በጠየቀ ጊዜ የወህኒ ቤቱ ጠባቂ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንዲሰጠው ሕጉ ያዝዛል። ባይሰጥ በመጀመሪያው ጊዜ 100 ፓውንድ፥ በሁለተኛው 200 ፓውንድ ለዚያው እስረኛ ይከፍላል፥ ከሹመቱም ይሻራል። ይህ ለዚያ ዘመን ሰው ቤት የሚያፈርስ ገንዘብ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ የሕጉን ብልሃት ልብ በል። ንጉሥን ለመክሰስ የሚደፍር አልነበረምና ሕጉ ወደ ንጉሡ አልሄደም፤ ቁልፍ የያዘውን ሰው ኪሱ ላይ ያዘው። የበሩ ጠባቂ ወረቀት የሌለውን እስረኛ ለመቀበል ሲፈራ፥ ትእዛዝ ሰጪውም ወረቀት ለመጻፍ ይገደዳል፤ የተጻፈ ወረቀት ደግሞ ይነበባል።

እንግዲህ የእስራት መዝገብ ለሕዝብ መታየት ሥሩ ይህ ነው። የተከፈተው ለእስረኛው ነበር፤ ያሳሪውን እጅ እንዲታይ ለማድረግ ነበር።

ፈረንሳዮች ይህን ዘግይተው ተማሩት። በዚያ አገር ንጉሡ የፈረመበት፥ ሚኒስትሩም ያጸናው የታሸገ ደብዳቤ ብቻ ሰውን ያለ ክስና ያለ ፍርድ ባስቲይ ለማስገባት ይበቃ ነበር፤ ደብዳቤዎቹ በሕግ የተሻሩት አብዮቱ ከተነሣ በኋላ በ1790 ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ከደብዳቤዎቹ ብዙዎቹን የለመኑት የእስረኞቹ ዘመዶች ራሳቸው ነበሩ። አባካኝ ልጅ፥ ያልተፈቀደ ጋብቻ የፈለገ ወንድም፥ ስም የሚያጠፋ ባል በፍርድ ቤት ተከሶ ቤተ ሰቡን ከሚያሳፍር በስውር ይታሰርልን እያሉ ይለምኑ ነበር። እንግዲህ ምስጢር የሚፈለገው ለጭቈና ብቻ አይደለም፤ ክብርን ለመጠበቅም ይፈለጋል። ሁለቱ በአንድ በር ሲገቡ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችንም ይህ ትምህርት በሌላ መንገድ ይታወቅ ነበር። በቀድሞ ዘመን ተከሳሽ ወይም ባለዕዳ ሲያዝ የነጠላው ጫፍ ከከሳሹ ነጠላ ጋር ተቋጥሮ፥ ነገሩ ሲከብድም እጁ ከከሳሹ እጅ ጋር በሰንሰለት ተጣምሮ በቁራኛ ይሄድ ነበር። ሁለቱ በገበያው መካከል አብረው ያልፋሉ፥ አብረው ይውላሉ፥ አብረው ያድራሉ። ውርደቱ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ተከሳሹ የት እንዳለ ያላየ ሰው አይገኝም፤ ከሳሹም የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ ራሱ ተሸክሞ ስለሚዞር ነገሩን ቶሎ ወደ ዳኛ ማድረስ ለገዛ ሰውነቱ ይጠቅመው ነበር። እስራቱ ለአሳሪውም ይከብደው ዘንድ ያደረገ ይህን የመሰለ ሥርዓት በሌላ አገር ብዙ አላነበብሁም።

በኋላ ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ በ1948 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቈጣጠር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ዳኛ እንዲቀርብ ደነገገ፤ በ1987 ዓመተ ምሕረት የጸናው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ቍጥር ይዟል። በሁለቱ መካከል የነበረውን ዘመን ያየ ግን ቍጥሩ በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው ያውቃል። በደርግ ጊዜ እናቶች መዝገብ የሚያሳያቸው ስላልነበረ ልጃቸው በሕይወት መኖሩን የሚያውቁት በስንቅ ነበር። አገልግሉ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ልጁ አለ፤ ምግቡ ሳይነካ ከነሙሉው ከተመለሰ ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1976 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ታፍነው ተወሰዱ። ሁለቱም በዚያው በ1979 ተገደሉ፤ አጽማቸው ግን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 ነው። በመካከሉ 13 ዓመት አለ። የታወቁ የሃይማኖት መሪዎች ነገር እንዲህ ከሆነ፥ ማንም ስሙን የማያውቀው ተማሪ ነገር እንዴት እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

ይህን ካልሁ በኋላ ወደ አሜሪካ ልሻገር፤ መዝገቡ በሰፊው የተከፈተውም፥ የመከፈቱ ጉዳት በሰፊው የታየውም በዚያ አገር ነውና።

በአሜሪካ ሰውን የሚይዘው በአብዛኛው የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም፤ የከተማው ፖሊስ ወይም የካውንቲው ሸሪፍ ነው። ካውንቲ ማለት አውራጃ እንደምንለው ያለ ነው፤ የራሱ ወህኒ ቤትና የራሱ መዝገብ አለው። በ1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት መረጃ የማግኘት ሕግ የሚያዝዘው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ነው፤ የከተማና የካውንቲ መዝገብ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ይተዳደራል። ስለዚህ በአንዱ ክፍለ ግዛት የእስረኛው ፎቶግራፍ ሳይቀር ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል፤ በጎረቤቱ ግን ይከለከላል።

ከተከራከሩት ሁሉ ለእኔ ትምህርት የሚሰጠኝ የሚልዋኪ ከተማ ጉዳይ ነው። በዚያ ከተማ ሃሮልድ ብሪየር የሚባሉ የፖሊስ አዛዥ ከ1964 እስከ 1984 ገዥ ሆነው ተቀምጠው ነበር፤ ገዥ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፥ ሰውየው ትእዛዝ መስጠት እንጂ ትእዛዝ መቀበል አይወዱም ነበርና። የከተማው ጋዜጣ የዕለቱን የተያዙ ሰዎች መዝገብ ለማየት ሲጠይቅ አዛዡ ስማቸውን እንጂ በምን ነገር እንደ ተያዙ አላሳይም አሉ። ያቀረቡት ምክንያት መልካም ምክንያት ነበር፤ ገና ያልተፈረደበትን ሰው ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ተያዘ ብሎ ማውራት ስሙን ያጠፋዋል የሚል ነው። ጉዳዩ እስከ ዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1979 የስም መጥፋቱን ጉዳት ሳይክድ፥ መንግሥት ሰውን የመያዝ ሥልጣኑን በምን እንደሚሠራበት ሕዝብ የማወቁ ጥቅም ይበልጣል ብሎ መዝገቡ ከነምክንያቱ እንዲታይ ፈረደ።

እኔ ይህን ፍርድ ትክክል ነው እላለሁ። ስምን ገልጦ ምክንያትን መሸሸግ ከሁለቱም የከፋ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰውየው መታሰሩን ሰምቶ በምን እንደ ሆነ ካላወቀ፥ ያላወቀውን ከራሱ አፍልቆ ይሞላዋል፤ የሰፈር ወሬ ደግሞ ከፖሊስ ክስ ይልቅ የሚምር አይደለም። ከዚህም በላይ አዛዡ ስለ እስረኞቹ ክብር ተጨንቄ ነው ሲሉ እስረኞቹን ጠይቀው አልነበረም። ሰውን ይዞ የዘጋበት ሰው ስለ ተዘጋበት ሰው ክብር ሲሟገት በጆሮዬ እንግዳ ነገር ይሆንብኛል።

ይሁን እንጂ የብሪየርን ክርክር በዚህ ብቻ ብተወው አድልዎ ይሆንብኛል፤ ከእርሳቸው በፊትም ከእርሳቸው በኋላም ክርክሩ እውነት መሆኑን ያሳዩ ብዙ ነገሮች ደርሰዋልና።

በ1965 በሎስ አንጀለስ አንድ የ19 ዓመት ተማሪ ሌሊት በመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጓደኛውን ሲጠብቅ ፖሊሶች ያዙት። በአጠገቡ መሬት ላይ የወደቀ ቦርሳ ተገኝቶ ነበር። ከሁለት ቀን በላይ አስረው ቢመረምሩት ከምንም ወንጀል ጋር ሊያያይዙት አልቻሉም፤ ፈቱት፥ ክስም አልተመሠረተበትም። ነገር ግን የጣቱ አሻራ ኤፍ ቢ አይ ወደሚባለው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ተልኮ ነበር፤ ቢሮውም በዚያን ጊዜ ለባንክና ለልዩ ልዩ ቀጣሪዎች ሳይቀር እንደዚህ ያለውን ወረቀት ያድል ነበር። ልጁ ከሰሰ። ዳኛው ጌሴል በ1971 ለቀጣሪዎች የሚሰጠውን ቢከለክሉ ኮንግረስ በዚያው ዓመት ፈቃዱን መለሰ። ተማሪው ከወንጀለኞች ፋይል ስሙ እንዲወጣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የፈረደለት በ1974 ነው። ከአንድ ሌሊት አግዳሚ ወንበር እስከዚያ ፍርድ ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

ደግሞም በዚያው በካሊፎርኒያ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የብረት ሥራ ሠራተኛ ሥራ አግኝቶ ሳለ 14 ጊዜ ተይዞ እንደ ነበረ ስለ ጻፈ ተሰረዘ። ከ14ቱ አንዱም በፍርድ አላለቀም። ለዳኛው የቀረበው ቍጥር ነገሩን ያስረዳል፤ ጥቁሮች ከአገሩ ሕዝብ 11 ከመቶ ያህል ሲሆኑ ከተያዙት ሰዎች 27 ከመቶ፥ በጥርጣሬ ብቻ ከተያዙት ደግሞ 45 ከመቶ ነበሩ። ዳኛውም በ1970 ያልተፈረደበትን መያዝ ለሥራ መከልከያ ማድረግ ዘርን ለይቶ መበደል ነው ብሎ ፈረደ። መዝገቡ እዚህ ላይ የሚያሳየው ስለ ተያዘው ሰው ነው ወይስ ስለ ያዘው ፖሊስ? አንዱን ወረቀት ቀጣሪው አንብቦ «ይህ ሰው አደገኛ ነው» አለ፤ ዳኛው አንብቦ «ይህ ፖሊስ ያዳላል» አለ።

ከሁሉ የባሰው ግን በሉዊቪል ከተማ የሆነው ነው። በ1972 የገና ገበያ ሲቃረብ የከተማውና የካውንቲው የፖሊስ አዛዦች «ዛሬም የሚሠሩ የሱቅ ሌቦች» የሚል ርእስ ያለው የአምስት ገጽ ፎቶግራፍ አሳትመው ለ800 ያህል ነጋዴዎች አደሉ። ከፎቶግራፎቹ መካከል የአንድ ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ነበረበት። ይህ ሰው በ1971 ከሱቅ ሰርቀሃል ተብሎ ተይዞ አልሰረቅሁም ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ክሱም ሳይታይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ወረቀቱ በታደለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተሰረዘ። ሌባ ብሎ የፈረደበት ዳኛ አልነበረም፥ የታተመው ወረቀት ግን ፈረደበት። አለቃውም ባያባርረውም ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ባይገኝብህ ይሻልሃል አለው። ሰውየው እስከ አገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ፤ በ1976 የፍርድ ቤቱ ብዙዎች ዳኞች የመልካም ስም መጥፋት ብቻውን ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው መብት አይደለም ብለው አሰናበቱት። በእኛ ዘንድ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እነዚያ ዳኞች ይህን ቢሰሙ ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበር አላውቅም።

አሁን ልዩነቱን እንይ። የሚልዋኪው መዝገብ ጠያቂ መጥቶ የሚያየው፥ የዕለቱን ሥራ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። የሉዊቪሉ ወረቀት ግን ፖሊሱ ራሱ ከመዝገቡ መርጦ፥ ስም ጨምሮበት፥ ተሸክሞ በየደጁ ያዞረው ነው። የመጀመሪያው በፖሊሱ ላይ የተደረገ መጠበቂያ ነው፤ ሁለተኛው ፖሊሱ ያለ ዳኛ የሚቀጣበት በትር ሆነ። ሁለቱም ግን «ለሕዝብ የተገለጠ መረጃ» ይባላሉ፤ ክርክሩን የሚያደናግረው ይህ ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ወደዚህ ሐሳብ ጥቂት ተጠጋ። ኤፍ ቢ አይ በየካውንቲው የተበተነውን የእስራት ታሪክ ከ24 ሚሊዮን በሚበልጡ ሰዎች ስም ሰብስቦ ይዞ ነበር፤ ጋዜጠኞችም ካንዱ ሰው ወረቀት እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ዳኞቹ እያንዳንዱ ነገር በየቦታው ለሕዝብ የተገለጠ ቢሆንም ሁሉ በአንድ ገጽ ሲሰበሰብ ሌላ ነገር ይሆናል ብለው ከለከሉ። በመቶ ቦታ ተበትኖ የሚያደክም የነበረውን በአንድ ቅጽበት ማግኘት አንድ ዓይነት አይደለም ማለታቸው ነው። በዚያን ጊዜ ይህ አስተያየት የሚያሳስበው የመንግሥትን ኮምፒዩተር ብቻ ነበር።

ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ ግን መሰብሰቡ የማንም ሰው ሥራ ሆነ። ከ2010 ወዲህ የየካውንቲውን የእስረኛ ፎቶግራፍ በነጻ እየለቀሙ የሚያወጡ፥ ፎቶግራፍህ እንዲነሣ ብዙ መቶ ዶላር ክፈል የሚሉ ነጋዴዎች ተነሡ። ጆርጂያ በ2013፥ ካሊፎርኒያ በ2014 ይህን ገንዘብ መቀበል የሚከለክል ሕግ አወጡ፤ በ2018 የካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ ከነዚህ ነጋዴዎች አራቱን በማስፈራራት ገንዘብ በመቀበል ከሰሰ። ሕጉን ልብ ብለህ ብታየው የከለከለው ለማንሣት ገንዘብ መቀበልን ነው፤ ማውጣቱን አይደለም።

ከማውቃቸው ወገኖች አንዱ፥ ስሙንም ከተማውንም አልናገርም፥ በመኪና ማቆሚያ በተነሣ ጠብ ከሌሎች ጋር ተይዞ አንድ ሌሊት አደረ። ክሱ ወዲያው ተነሣለት። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤት ሊከራይ ሲሄድ ባለቤቲቱ ያን ሌሊት የተነሣውን ፎቶግራፍ አትማ አሳየችው። ይህንስ ቻለው። ያልቻለው ለሽምግልና የተላኩት አባቶች ከልጅቷ ወላጆች ቤት ሲመለሱ ነው። ዱሮ ስለ ዘርና ስለ ጠባይ የሚጠየቀው ጎረቤት ነበር፤ አሁን የልጅቷ ወንድም በስልኩ ጠይቆ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፥ ነገሩ እንደ ተሰረዘ ብንነግራቸውም ሰው ሳያጠፋ አይታሰርም አሉን» አሉት። እኚህ የልጅቷ አባት በደርግ ዘመን ሰባት ወር ታስረው የተፈቱ ሰው መሆናቸውን ስሰማ ምን እንደምል ጠፋኝ።

ይህን የመሰለ ነገር የሚያይ ሰው መዝገቡ ይዘጋ ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ከመዝጋቱ በፊት በኒው ጀርሲ የሆነውን ይስማ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ብዙ የውጭ አገር ሰዎችን ያዘና ከነዚህ ብዙዎቹን በሃድሰንና በፓሴይክ ካውንቲ ወህኒ ቤቶች አስቀመጠ፤ ስማቸውንም አልናገርም አለ። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን ከዱሮ ጀምሮ የካውንቲ ወህኒ ቤት ጠባቂ የእስረኞቹን ስም የያዘ መጽሐፍ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር። የሲቪል ነጻነት ማኅበር ይህን አሮጌ ሕግ ይዞ ከሰሰ፤ ዳኛው ዲታሊያም በመጋቢት 2002 መጽሐፉ ይከፈት ብለው ፈረዱ። መንግሥቱ በሚቀጥለው ወር ካውንቲዎቹ ስም እንዳይሰጡ የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ በሰኔም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደንቡን ተቀብሎ ፍርዱን ሻረው። በዋሺንግተንም ዳኛዋ ግላዲስ ኬስለር በዚያው ዓመት ስሞቹ ይገለጡ ብለው ቢፈርዱ በ2003 በይግባኝ ተሻረ። በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴር የራሱ ተቈጣጣሪ የ762 እስረኞችን ነገር መርምሮ ሪፖርት ሲያወጣ ለአንዱ ሰው ንጹሕ ነህ እስኪባል በአማካይ 80 ቀን እንደ ፈጀ ታወቀ።

ስሞቹን ለመሸሸግ መንግሥቱ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ምን እንደ ነበረ ታውቃለህን? የእስረኞቹን የግል ክብር መጠበቅ ነው። የሚልዋኪው አዛዥ ቃል ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ የፈረንሳዩም የታሸገ ደብዳቤ ሽታ አለበት።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። መዝገቡን የሚከፍተው ምክንያት ሰውየው በመንግሥት እጅ መያዙ ነው፤ በእጁ ሳለ ማንም ጠያቂ፥ እናትም ጋዜጠኛም፥ ስሙን፥ የት እንዳለ፥ በምን እንደ ተያዘ ሊያይ ይገባል፥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ሊሸሸግ አይገባም። ያለ ፍርድ ከተለቀቀ ግን ምክንያቱ አብሮ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ማዞር ማንንም ባለሥልጣን አይቈጣጠርም፥ ሰውየውን ብቻ ያሳድደዋል። ጋዜጠኞች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የቈየው መዝገብ ከተዘጋ ፖሊስ ማንን አብዝቶ እንደሚይዝ በምን እናውቃለን ይላሉ፤ የካሊፎርኒያው ዳኛ 27 ከመቶና 45 ከመቶ የሚለውን ቍጥር ያገኘው ከቈየ መዝገብ ነውና እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ለዚያ ፍርድ ያስፈለገው ቍጥሩ ነበር፤ የእያንዳንዱ ሰው ስምና ፊት አልነበረም። የያዘው ፖሊስ ስም፥ የተያዘው ሰው ዘርና ሰፈር፥ የነገሩ ፍጻሜ ሊቀር ይችላል። እንዲያውም የያዘው ፖሊስ ስም ከተያዘው ስም ይልቅ ረዥም ዕድሜ ቢኖረው አይከፋኝም።

ወደዚህ የሚጠጋ ሥራ ተጀምሯል። ፔንሲልቬንያ በ2018 ባወጣው ሕግ ያለ ፍርድ የቀሩ ክሶችን ሰውየው ሳያመለክት በኮምፒዩተር ይዘጋል። የሳን ፍራንሲስኮ ፖሊስ አዛዥ ዊልያም ስኮት በ2020 የሕዝብ ደኅንነት ካላስገደደ በቀር የተያዙ ሰዎችን ፎቶግራፍ እንደማያወጡ አስታወቁ፤ ፎቶግራፎቹ ጥቁርን ሰው ከወንጀል ጋር በሰው ልብ ያጣብቃሉ ብለው ነው። ፎቶግራፉን ከለከሉ፥ መዝገቡን ግን አልዘጉም፤ ይህን መለየታቸውን ወድጄዋለሁ።

በዚያ አገር የሚኖሩ የእኛ ሰዎች ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያውቁታል። የስደት ወረቀቱ ያላለቀለት ልጅ ማታ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ዘመድ ሁሉ ጋ ከደወሉ በኋላ የሚከፍቱት የካውንቲውን ወህኒ ቤት የእስረኞች ዝርዝር ነው። ከ2010 ጀምሮ የፌዴራሉ የስደተኞች እስር ቤት የራሱ መፈለጊያ አለው፤ እርሱ ግን የልጁን የስደት ፋይል ቍጥር ወይም ስሙን ልክ በተመዘገበበት ፊደል ይጠይቃል፥ የእኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በየመሥሪያ ቤቱ ልዩ ልዩ ነው። የካውንቲው ዝርዝር ያን ያህል አይመራመርም፤ የዚያን ዕለት የገቡትን በተራ ያሳያል። የአባቱን ስም ከልጁ ስም አስቀድመው፥ አንድ ፊደል ጨምረው፥ አንድ ፊደል ቀንሰው ይሞክራሉ። እናቲቱ ማንበብ ባትችል እንኳ ከታናሽ ወንድሙ ትከሻ በላይ ሆና ፎቶግራፎቹ ሲያልፉ ትመለከታለች፤ ልጇን ስታይ «ይኸው፥ አለ» ትላለች፤ ወንድሙም ፎቶግራፉን ሌላ ሰው ሳያየው የሚወርድበትን መንገድ በዚያው ሌሊት መፈለግ ይጀምራል።